ፍሪሲዮኑን ማን አቃጠለው?

— ሄሎ? … አቤት፣ ሄሎ! … አይ፣ እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቷል፤ ስልኩን ያነሳሁት ሚስቱ ነኝ። … ከጋራዡ? እሰይ! እኔም አንተን ነበር የምፈልገው። መካኒኩ ራስህ ነህ? … ጎሽ። በል መኪናችን ደርሳለች በለኝና ደስ ይበለኝ።

— … ምን አልክ? … ቆይ፣ ቆይ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል። ሚጢ! አንቺ ሚጢ፣ ያንን ቴሌቪዥን ቀንሺልኝ እስቲ! … ታናሽ እህቴን ነው፣ አንተን አይደለም። ቀጥል።

— … ዋስትናው አይሸፍነውም? እንዴት ነው የማይሸፍነው? ፍሪሲዮኑን የቀየርከው አንተው አይደለህም እንዴ? በገዛ አፍህ «ስድስት ወር ሐሳብ አይግባችሁ» አላልክም? ስድስት ወር ቀርቶ ግማሹም ሳይሞላ መኪናዋ ዳገት ላይ እምቢ አለች፣ ጭስ ጭስ ሸተተች፣ በገመድ ተጎትታ መጣችልህ። … እኮ! ታዲያ ዋስትና የምትሉት ለጌጥ ነው?

— … አቃጥላችሁት ነው? ማን ነው ያቃጠለው? … እኔማ ምኑን ነድቼው! መኪናዋን የሚነዳት ባለቤቴ ብቻ ነው።

— … ስማኝ ወንድሜ፣ ሰው እየለየህ ተናገር። ባለቤቴ የትልቅ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ፀጉሩ የሸበተው መሪ ላይ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ፣ የተኛ ተሳፋሪ ከእንቅልፉ አይነቃም። እሱ ነው እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳ? እንዴት ተደርጎ!

— … እኮ፣ እኔም የምልህ እሱን ነው! በሱ እግር አይቃጠልም። ስለዚህ የገጠምክልን ዕቃ ነው አልባሌው። … የፍሪሲዮኑን ሸራ ፈተህ አየኸው? … ጠቁሯል። እሺ። … እንደዚህ የሚጠቁረው ጀማሪ ሲነዳው ነው? … እህ። ግማሽ ረግጦ፣ ነዳጅ እየሰጠ፣ እየፈራ … እህ። እና መኪናችን ላይ ለማጅ ተቀምጧል ነው የምትለኝ።

— የምን ለማጅ! እዚህ ቤት ለማጅ የለም። ቢኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ፤ አስተምረኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ! አንዴ ብቻ ወሰደኝ። ገና መኪናዋ ዘላ ሞተሯ ሲጠፋብኝ ጭንቅላቱን ይዞ «በዚህ ዓይነት ትዳራችንም ካምቢዮውም አይተርፍም» ብሎ ቁልፉን ነጠቀኝ። ከዚያ ወዲህ በጠየቅሁት ቁጥር «ተይ፣ ባልና ሚስት መኪና አይማማሩም» እያለ ያልፈኛል። … አትሳቅ። የሚያስቅ ነገር የለውም።

— … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … አይ፣ የሆነ ነገር ልትል ነበር፣ ዋጥከው። … ምኑ ውስጥ ነው የማትገባው? ዋስትናችንን ስትከለክለን ገብተህበት የለም እንዴ! ለማጅ ነው ካልክ ለማጁን አምጣ። ካላመጣህ ፍሪሲዮኑን በነፃ ትቀይራለህ፣ አለቀ።

— … በዓይንህ አየኸው? የት? … ከጋራዡ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ። የኛን መኪና? ታርጋዋን አይተሃል? … ባሌ ከጎን ወንበር ላይ። እ … መሪው ላይስ?

— … ሴት።

— … አይ፣ አለሁ። አለሁ። … ምንም አልሆንኩም፣ ወንበር ስቤ ነው። … ሴት አልክ። ትልቅ ሴት ናት ወይስ ወጣት? … ወጣት። እህህ። በል ጨርሰው። … መልኳን በደንብ አላየህም። … ቀጭን። አጭር። እሺ። … አንድ ቀን ብቻ ነው? … ደጋግመው። ቅዳሜ ቅዳሜ። ለዚህ ነዋ! «ዛሬ ተረኛ ነኝ» እያለ ፏ ብሎ የሚወጣው! ሸሚዙን የምተኩስለት ደግሞ እኔ፣ ሞኟ!

— ውኃ አልፈልግም ሚጢ፣ ተቀመጪ። … ወዴት ነው የምትሄጂው? ኩሽና ውስጥ የተጣደ ነገር የለም። ተቀመጪና «ጋሼ ጋሼ» የምትዪውን ሰውዬ ጉድ ስሚ!

— … ሄሎ፣ አዎ። እና ምን ይላት ነበር? በአጠገባቸው አልፌያለሁ ብለህ የለ? … ንገረኝ፣ ምንም አልልህም። … «አይዞሽ»? … መኪናዋ ዘላ ስትጠፋባትም? … «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ እንደገና አስነሺያት»። … እየሳቀ።

— … አይ፣ አሁን ፍሪሲዮኑን ተወው። ፍሪሲዮን ይቃጠላል፣ ይቀየራል። አይዞሽ! ልጃችንን ስወልድ እንኳ አይዞሽ ያለችኝ አዋላጇ ናት፤ እሱ ኮሪደር ላይ ላቡን ይጠርግ ነበር። አሁን ለሌላ ሴት ሲሆን ቃሉን ከየት አመጣው? … አዎ ቀንቻለሁ! አልቀናሁም አልኩህ? አንጀቴ ነው ያረረው፣ ያንተ ሸራ ምን አረረ!

— አንተ! አንተ መታጠቢያ ቤት ያለኸው! ውኃውን ዝጋና ውጣ! … ሳሙናው ይቆይህ፣ ፎጣህን አገልድመህ ውጣ ብዬሃለሁ!

— … ይቅርታ፣ እሱን ነው። ሌላስ ምን አለህ? … መኪናዋ ውስጥ የተረሳ ዕቃ? ምን? … ትራስ። በሹፌሩ ወንበር ላይ። … ቢጫ፣ ጥልፍ ያለው። ጥግ ጥጉ ላይ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል? … የኔ ትራስ! የሶፋዬ ትራስ! ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ሥር ስፈልገው የከረምኩት! ጎረቤቶቼን በሌብነት ልጠረጥር ምንም አልቀረኝ! በእጄ የጠለፍኩትን ወስዶ የሰው ሴት ያስቀምጥበት?

— … አጭር ስለሆነች መንገዱ አልታያት ብሎ ይሆናል ትላለህ። ታዲያ አጭር ብትሆን የኔ ዕዳ ነው? የራሷን ትራስ ይዛ አትመጣም?

— … ቆይ። ቆይ እስቲ አንዴ። ቀጭን አልክ። ያለ ትራስ መንገዱ የማይታያት።

— … ሚጢ።

— ሚጢ፣ ቀና በይ። … ለምንድን ነው የምታለቅሺው? ገና ምን አልኩሽ?

— … ሄሎ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው። ለማጅህ ተገኝታለች። እዚሁ ፊት ለፊቴ ናት።

— ተናገሪ እንጂ ሚጢ። … ሥራ ያመለከትሽበት የመድኃኒት ማከፋፈያው? መንጃ ፈቃድ ካላመጣሽ ሥራውን አንሰጥሽም አሉሽ? … ታዲያ ለኔ አይነገርም? አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን? … «እህትሽ እንዳትሰማ፣ ትቀናለች» ማን አለሽ? እሱ? … እኔ? በገዛ እህቴ እቀናለሁ?

— … አንተ ደግሞ እዚያ ስልክ ውስጥ ምን ያስቅሃል!

— መጣህ? ና፣ እዚህ ቁም። ምንጣፉ ይራስ፣ ግድ የለም። … አትማልልኝ፣ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። … እሺ ጠርጥሬያለሁ፣ አሁን ግን ወጥቶልኛል። … እሷን ማስተማርህ አይደለም የከፋኝ፤ ደግ አደረግህ፣ ሥራ ትያዝበት። ያልካት ነገር ነው። … «አይዞሽ» ያልካት! መካኒኩ ሰምቶሃል። ከኔ ቁልፉን ነጠቅህ፣ እሷን አይዞሽ አልክ። … እኔ እጮኻለሁ? እሷ አትጮህም፣ ለዚህ ነው? … እሺ፣ እጮኻለሁ! ስለፈራሁ ነው የምጮኸው! መኪና ስትዘልብኝ ልቤ ትወጣለች፣ አንተ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጠህ ስትቆጣኝ ምን ላድርግ? ባል አይደለህም እንዴ? አንድ ቃል ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?

— … ፎጣህን አጥብቀው፣ ሊወድቅ ነው። … አንቺም እንባሽን ጥረጊ፤ አንቺን ማንም አልተቆጣሽም። ሥራውን ትይዢያለሽ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ዛሬ ግን ደስ አላለኝም፣ ምን ላድርግ።

— … ሄሎ፣ መካኒኩ? አለህ? … በኛ ጣጣ ጆሮህን አደነቆርንህ አይደል? … ኧረ ይቅርታ። ዋስትናውን ተወው፣ አልከራከርህም። ለማጅ ነው ያቃጠለው፣ አንተ ልክ ነበርክ። ራሳችን እናስቀይረዋለን። … አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አዲሱስ፣ ለማጅ ቢያቃጥለው ዋስትናው ይሸፍናል? … በፍጹም። … ለዘመድም ለወዳጅም አይሆንም። ገባኝ፣ ጥሩ።

— እንግዲያው ሁለት እዘዝ። … አዎ፣ ሁለት ፍሪሲዮን። አንዱን ዛሬ ግጠመው፣ ሌላውን ሸፍነህ አስቀምጥልኝ። … እንዴት «ለማን» ትለኛለህ? ለኔ ነዋ! ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ መሪ የምጨብጠው እኔ ነኝ።

— … እሱ? እዚሁ አጠገቤ ቆሟል፣ ውኃው እየተንጠባጠበ። … እሺ ብሏል ወይ? አልጠየቅሁትም። አንተ ዝም ብለህ እዘዝ። በል ቻው!