መልስ ያላገኘ ጥያቄ

ከወረታ ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ አንዲት ወጣትና ጥምጣም የጠመጠሙ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይተዋወቁም። ከልጅቱ ስልክ የወንድ ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምትሰሚው?»

«የግዕዝ ትምህርት ነው አባቴ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ አገኘሁት። እኛ ሰፈር የሚያስተምር ስለሌለ በዚህ ነው የምማረው።»

«ለመሆኑ ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

«ድምፁን ብቻ ነው። ሲያስረዳ አይሰለችም።»

«ከልጅነቱም እንዲያው ነበር። ይባቤ ይባላል፤ ልጄ ነው።»

«የእርስዎ ልጅ? እንዴት ደስ ይላል! እንግዲያው ይንገሩልኝ አባቴ። ጥያቄ ጽፌለት እስካሁን አልመለሰልኝም።»

«አይመልስልሽም ልጄ። ክረምት ሲገባ ቀበርነው።»

«ወይኔ! እግዚአብሔር ያጥናዎ። እኔ እኮ በየቀኑ እየሰማሁት... አላወቅሁም።»

«በምን ታውቂያለሽ። እኔም ድምፁ እንዲህ ተቀርጾ መቅረቱን አላወቅሁም። ምን ነበር የጠየቅሽው?»

«ይተዉት አባቴ፤ ቀላል ነገር ነው።»

«ንገሪኝ። እሱንም ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«"አለ" በግዕዝ "ሀሎ" ነው ብሏል። "ነበረ" ለማለትስ ምን ይባላል? ነው ያልሁት።»



«እሱም "ሀሎ" ነው ልጄ። ላለውም ለነበረውም አንድ ነው።»

«ልዝጋው አባቴ?»

«ተይው፣ ይናገር።»

«ወራጅ አለ» ማለት ሲገባኝ፣ መውረጃዬን ቁሐር ሚካኤልን ድምፁን እየሰማሁ አለፍሁ።