ኮርኒሱን የሚመታው ጎረቤቴ

ይኸውላችሁ፣ እንግሊዝ አገር ዊልስደን ስኖር ነው። ጠዋት ጠዋት ስሰግድ ጉልበቴ ወለሉን ይመታል መሰለኝ፣ ከታች ያለው እንግሊዛዊ ሽማግሌ በምርኩዙ ኮርኒሱን ይደበድባል። በሰገድኩ ቁጥር እሱም ይመታል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ ጾም ይዤ እንኳ፣ ወርጄ በሩን አስከፈትኩት። "ጸሎቴ ምን አደረገህ? ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስል ሪፖርት አደርግሃለሁ!" ብዬ ጮኽኩበት።

ሽማግሌው በፒጃማ ቆሞ ግራ ገባው። "የምትጠራኝ መስሎኝ እኮ ነው" አለኝ። ለካ በወጣትነቱ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነበር ያገለገለው። "መርከቡ ተበላሽቶ ባሕር ሥር ከቀረ ጠላቂዎች መጥተው ከላይ ያንኳኳሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው መልሶ ይመታል። ገና ምልምል ሳለን ነው ያስተማሩን። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የሚያንኳኳልኝ የለም። አንተ 'አለህ ወይ?' የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ካስቸገርኩህ ግን እተወዋለሁ።"

እኔም እኮ ምጽዋ የሠለጠንኩ ባሕረኛ ነኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ኧረ አይተዉ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስምዎ ማን ነው?" አልኳቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ከአናታቸው በላይ ቆሜ "ጌታ ሆይ፣ ሰው የሌላቸውን አስብ" ስል፣ የእኚህን ሰው ስም እንኳ አላውቅም ነበር።