የተሰጠብኝ ማጭድ

ሱዳን ውስጥ፣ ቁረይሻ በሚባል ቦታ ሰሊጥ ስናጭድ የእግሬ ጣት ቆስሎ አልድን አለኝ። ስኳር እንዳለብኝ የሚያውቁት ጓደኞቼ «ኸላስ፣ አበቃ፤ ይህ እግር ይቆረጣል» ብለው ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ሲሸኙኝ፣ ዓይኔ እያየ ማጭዴን ለሌላ አጫጅ ሰጡት።

ገዳሪፍ፣ አማርኛ የምትሞካክር ሱዳናዊት ሐኪም እግሬን ቅባት ቀብታ በአልትራሳውንድ ታየው ጀመር። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ስትደርስ መሣሪያው ሿ፣ ሿ፣ ሿ አለ። የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«ምንድን ነው?»

«ደምህ ነዋ። ቧንቧው ክፍት ነው፣ እስከ ጣትህ ይወርዳል። ቁስሉን እናክማለን፤ አንተ ስኳርህን ጠብቅ።»

«አይቆረጥም?»

«አይቆረጥም። እግርህ ተማም ነው፣ ደህና ነው።»

እስቲ ድገሚልኝ አልኋት፤ ድምፁን እንደገና አሰማችኝ።

ማሽላው ሲደርስ ቁስሌ ድኖ ቁረይሻ ገባሁ። ጓደኞቼ ፊቴን ሳያዩ እግሬን አዩ። እኔም ሰላምታውን ሳልጨርስ ወደዚያ አጫጅ ሄጄ እጄን ዘረጋሁና፣ «በል ማጭዴን አምጣ» አልሁት።