ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀር

ነይ ቲነ፣ ነይ የወንድሜ ልጅ፣ እዚህ ባንኮኒው አጠገብ ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂና ምድጃው ሥር አድርጊው፣ በስብሶ የለ እንዴ! ሾርባ ላውጣልሽ? የባሮ ሽንኩርት ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከጓሮ የነቀልኩት። ብዪ፣ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ሆዱን አያስርብም። እኚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጡት እንግዳም አንድ ሳህን ጨርሰዋል፤ ቢራቸውን ግን አልነኩትም። የቡድኑን የውል ወረቀት አንብበሽ እስክትፈርሚ ይጠብቁሻል አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው። እሳቸው ጋዜጣቸውን ያንብቡ፣ እኛ የሴት ወሬያችንን እናውራ።

ታዲያ ፈርሚያ! የብስክሌት ቡድን ዳይሬክተር ራሳቸው መኪናቸውን ነድተው እዚህች መንደር ድረስ ሲመጡ ቀላል ነገር ነው? ዘንድሮ አጋዥ፣ ለከርሞ ደግሞ አምበል፣ አሉሽ አይደል? ወረቀቱ ላይ አለ ወይስ በቃል ነው? ... በቃል። ደግ። ቃል ከወረቀት ይሻላል፣ ቢያንስ ዝናብ አያበሰብሰውም።

ይኸውልሽ፣ ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ድሮ የማውቀው ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም ብስክሌተኛ ነበር፣ ኋላ የቡድን ዳይሬክተር ሆነ። ስሙ? ስሙን ተዪው፣ አታውቂውም። ወርቅ ልጅ ነበር ስልሽ! ማረፊያ አጥቶ የቡድኑ አምበል ቤት አንድ ክረምት ሙሉ ከርሟል። ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ እግራቸውን እንኳ በአንድ ምላጭ ነበር የሚላጩት። ወንድማማች ናቸው ብሎ የማይል ሰው አልነበረም። የሦስቱ ኮረብታ ውድድር ዋዜማ እዚሁ ምሳ ሲበሉ፣ ልጁ እጁን አምበሉ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ጎማዬ ጎማህ ነው፤ እግሬን ብትፈልግም ፈትተህ ውሰደው" አለው። ሳህን እያነሳሁ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ይገኛል?

ደንቡን መቼም ላንቺ አልነግርሽም። የአምበል ጎማ ሲፈነዳ ቅርብ ያለው ይወርዳል፣ የራሱን ጎማ ፈትቶ ይሰጣል፣ እሱ መንገዱ ጠርዝ ቦዩ ዳር ቆሞ ትርፍ ጎማ የጫነውን የቡድኑን መኪና ይጠብቃል። በእኛ አገር በፍላንደርስ ጋብቻ እንኳ ይህን ያህል አይከበርም።

እና ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ እዚያ ኮብልስቶኑ ላይ፣ የአምበሉ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀደሙት፤ ሌላው ገና ኮረብታውን አልጨረሰም። አምበሉ ተጣራ። አራት ማሳ ማዶ ድንች ስትለቅም የነበረች ሴት ቀና ብላ አየች። ልጁ ግን ከሁለት ክንድ ላይ ሆኖ አልሰማም። አየሽ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የሱ ጆሮ ለወዳጁ ነበር ባዳ የሆነው። ምን ያድርግ? "ንፋስ ነበር" አለ። እውነቱን ነው፣ ልጁ ውሸት አያውቅም፤ ንፋስማ ነበረ... ከአምበሉ ወደ እሱ የሚነፍስ።

አሸነፈ እንግዲህ! የአሸናፊ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሲያለቅስ ብታዪው ታዝኚለት ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ካሜራ ሲኖር ደግሞ ጭራሽ ይተርፋል። "ድሉ የጓደኞቼ ነው" አለ። አበባውንና ዋንጫውን ግን ጓደኞቹን እንዳይከብዳቸው ብሎ ራሱ ተሸክሞ ሄደ። ለሰው የሚያዝን ልጅ ነው።

ትሕትናውስ! ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ጋልቦ አንድም ውድድር አላሸነፈም። እኔ አንዴ ይበቃኛል፣ የቀረውን ሌላው ያሸንፍ ማለቱ ይሆናላ። ዳይሬክተር ሲሆን ደግሞ እግዜር ጆሮውን ፈወሰለት። ለእሱ ምን ይሳነዋል? አሁን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ጎማ ከተነፈሰ ይሰማል አሉ። ወዲያው "ውረድ! ጎማህን ስጥ!" ይላል። ጣሪያው ላይም አሥር ትርፍ ጎማ ደርድሮ ነው የሚዞረው... ምነው፣ ውጭ ወደቆመችው የእንግዳው መኪና ዞርሽ? መኪና መኪናን ይመስላል፣ ተይ።

ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብማ አፍ ያስከፍታል። "ብስክሌተኛ ማለት ጎማውን የሚሰጥ ሰው ነው" ይላል። ከእሱ ሌላ ማን ይናገረው? የሰጠ ሰው እኮ ይረሳዋል፤ ያልሰጠ ነው ሲያስታውሰው የሚኖር።

አምበሉ? አምበሉማ ቦዩ ዳር ቆሞ ቀረ። የቡድኑ መኪና አሸናፊውን ተከትሎ አልፎት ሄዶ፣ በመጨረሻ አንድ ገበሬ በትራክተር አመጣው። ብስክሌቱን እዚህ በር ላይ አስደግፎ ገባና ሾርባ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት፣ ቀዘቀዘበት። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ "አርጅተሃል" አለው፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ። ጡብ ፋብሪካ ገባ። ያንን ልጅ አንድም ቀን በክፉ ሲያነሳው አልሰማሁም፤ ሲጠይቁት "ንፋስ ነበር" ነው የሚለው። እሱን ታውቂዋለሽ እኮ ቲነ። ልምምድ ከመውጣትሽ በፊት ጎማሽን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ የሚያይልሽ፣ በሩ ላይ ስትደርሺ ጠርቶ ደግሞ እንደገና የሚያየው... ለምን ሁለቴ እንደሚያይ ጠይቀሽኝ አልነበር?

ብዪ እንጂ፣ ማንኪያውን ለምን አስቀመጥሽ? እኔ ተናድጄ እንዳይመስልሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተናደድኩም፤ ሲያቃጥለኝ ነው የኖረው። አባትሽ እንዳትነግሪያት፣ ልጅቷ በራሷ እግር ትሂድ ብሎኛል። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ስለማታውቂው ልጅ ነው ያወራሁሽ። እንግዳው ምስክሬ ናቸው፣ ከመጡ ጀምሮ አንዲት ገጽ ሳይገልጡ ሲያዳምጡ... ሲያነቡ ነበር።

ምን ሆንሽ? ወረቀቱን ሳትፈርሚ ልታጣጥፊው ነው? እንደወደድሽ የኔ ልጅ፣ እኔ ምን አልኩ! እስክሪብቶው የሳቸው ነው፣ ሄደሽ እጃቸው ላይ ስጪያቸው። የሰው ዕቃ አይቀመጥም። ... ኮታቸውንም ለበሱ? ይቆዩ እንጂ ጌታዬ፣ ዝናቡ እስኪያባራ! መንገድ ላለበት ሰው ግን እንቢ አይባልም፣ በሰላም ይግቡ።

ለዚያ ለነገርኩሽ ልጅም ቢሆን ክፉ አልመኝለትም፤ ከእጄ የበላ ሰው ነው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቡድኑን ያስፋለት፣ የሚመራቸው ሁሉ እሱን ይምሰሉለት። ጎማ መቼም ለማንም አይቀርምና፣ የሱም በፈነዳ ቀን፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ እግዜር ልክ እንደ ራሱ ያለ ታማኝ ጓደኛ ከአጠገቡ አያሳጣው። አሜን በይ ቲነ።