«ዕድሜ ነው» የተባለው ጽንስ

ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ቀሚሴን ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እሷም የተማሪ ደንብ ልብስ ስለምትሰፋ በዚያ ሰሞን ሁለታችንም ፋታ የለንም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አራት ልጆች አሳድጋለች። ስገባ ማሽኑን አቁማ ግንባሯን ክንዷ ላይ ደፍታለች። የባሏ የእህት ልጅ፣ በጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችው፣ ልትጠይቃት መጥታ አጠገቧ ቆማ ነበር።

«ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?» አለቻት አዋላጇ።

«ጨጓራዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል።»

«የወር አበባዎስ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከቀረ ሁለት ወር ሆነው። ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ እናቴም በዚሁ ጊዜ ነው የቆመባት።»

«ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እርግዝናም ሊሆን ይችላል።»

«የበኩር ልጄ ሊዳር ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ። እሱ ሚስት ሲያገባ እኔ ልታረስ?» ብላ ሳቀች።

«ጨጓራም ያቅለሸልሻል፤ ዕድሜም የወር አበባ ያስቀራል። ስለዚህ በምልክት ብቻ አንፈርድም። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ የሚያመነጨው ነገር በሽንቷ ይታያል። ምርመራው የአንዲት ኪስ መስፊያ ጊዜ ቢፈጅ ነው።»

እኔም ተማርኩ የምለው ሴትዮ፣ ሁለቱን ልጆቼን ያረገዝኩ ጊዜ በግምት ነበር ወር የቆጠርኩት። ስለዚህ አልፈረድኩባትም። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። 

ሆዷ መግፋት ሲጀምር ሌላ ክርክር መጣ። አዋላጇ ክትትል እንድታደርግና ጤና ጣቢያ እንድትወልድ ስትለምናት እሷ ግን አሻፈረኝ አለች።

«አራቱንም የወለድኩት እዚሁ ቤቴ ነው። ደግሞ ምጥ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አላስተምርዎትም፤ እርስዎ ያስተምሩኝ። የመጨረሻውን ሲወልዱ እንዴት ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ልጁ ቶሎ ነው የመጣው። እንግዴ ልጁ ዘገየ። ከዚያ ደም በደም ሆንኩ። ጎረቤቶች መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣላት አሉ። ራሴን ስቼ ነበር። ሁለት ወር ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት።»

«መጥፎ ደም አልነበረም፣ እትዬ፤ የራስዎ ደም ነው። ምጥ ልጁ ሲወጣ አያልቅም። መጀመሪያ ቁርጠቱ እየተቀራረበ፣ እየበረታ የማህፀኑን አፍ ይከፍታል። ቀጥሎ አምጠው ልጁን ይገፋሉ። በመጨረሻ እንግዴ ልጁ ይወጣና ማህፀኑ እንደ ጡጫ ጭብጥ ይላል። ያኔ ነው ደሙ የሚገታው። የእርስዎ ጭብጥ አላለም ነበር። አንዴ የደማች ሴት ደግሞ ዳግም ልትደማ ትችላለች።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ልሞት ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። እንባዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገችና፣ «ለአጎትሽ አንቺ ንገሪው፤ እኔ ልለምነው አልችልም» አለች።

ባሏ መለመን አላስፈለገውም። ያን የመጨረሻ ልጅ ስትወልድ ደሙን ያጠበው እሱ ነበርና፣ ከተነገረው ወዲህ አንድም ክትትል አላስቀራትም።

ምጡ የመጣው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ አስጠርታኝ ስደርስ ሰዓት እያየች ቁርጠቷን ትቆጥር ነበር። «በየአምስት ደቂቃው ሆኗል፤ እንሂድ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ወዲያው ማህፀን ጭብጥ የሚያደርግ መርፌ ጭኗ ላይ ተወጋች፤ እንግዴ ልጁም ወጣ። ቢሆንም ደሙ በረታ። አዋላጇ ሆዷን እያሸች፣ የሥራ ባልደረባዋ ግሉኮስ እየሰካች፣ መድኃኒት ጨምረው በደቂቃዎች ውስጥ ገቱት። እኔ እጇን ይዤ ነበር፤ በረዶ ሆኖ የነበረው እጅ ቀስ በቀስ ሲሞቅ ተሰማኝ።

ያ መርፌና ያ የአዋላጅ እጅ ቤቷ ውስጥ አልነበሩም። ቀድሞ መመርመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ወሩ ይታወቃል፣ የደም ማነስ ካለ ይታከማል፣ ያለፈው ችግር ይነገራል፣ አደጋው ሲመጣም ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል።

ልብስ ሰፊዋ በወለደች በሦስተኛ ወሯ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት አንዲት አትክልት ሻጭ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ልብስ ሰፊዋ ስትለካት አየሁ። ሜትሩን ወገቧ ላይ እንዳዞረች ቆም አለችና፣ «የኔ እህት፣ የወር አበባሽ መቼ ነበር የመጣው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትየዋ አፍራ አንገቷን ደፋች። «እኔ እንኳ ውፍረት መስሎኝ ነበር።»

«ይሆናል። ግን ተመርመሪ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፤ «ቀሚሱን ከዚያ በኋላ እቆርጠዋለሁ።»