ኔትወርኩ ያንበረከከኝ ዕለት
የኢንተርኔት ትምህርት ጥቅሙንም ጉዳቱንም እኔን ጠይቁኝ፤ ጉልበቴ አይቶታል። ልጄ ምሕረት እዚሁ ቀበሌያችን ላንቴ ትምህርት ቤት እያስተማረች ማስተርሷን በስልኳ ትማር ነበር። ከሙዝ ማሳችን ሳትነቃነቅ አዲስ አበባ ካለው መምህሯ ጋር ፊት ለፊት ታወራለች። ኔትወርካችን ግን ዝንብ ባስነጠሰች ቁጥር ይጠፋል። የመጨረሻውን የቃል ፈተና ስትጀምር ተቋረጠባት። ሲመለስ መምህሩ፣ “ሰዓትሽ አልፏል፤ ለከርሞ ትደግሚዋለሽ” አላት። ያፈሰሰችው እንባ ዓባያ ሐይቅን በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው።

እኔ የጋሞ ሽማግሌ ነኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጦር የመዘዘም ይመለሳል። ሣሬን ነጨሁና ስልኩ ፊት ተንበርክኬ፣ “ልጄ፣ ስለዚህ ሣር ብለህ አንድ ዕድል ስጣት” አልኩት። ሳይመልስልኝ ኔትወርኩ እልም አለ። “ለስልክ ቀፎ ነው የተንበረከክሁት!” ብዬ ተነሣሁና ማንጎው ጥላ ሥር ተጋድሜ ሙዝ መላጥ ያዝኩ።

ብዙ ቆይቶ ምስሉ ሳይመጣ ድምፁ ብቻ መጣ። “አባቴ፣ በፈጣሪ ይነሡ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ተንበርክከው? እሺ፣ ትፈተን!” ለካ እሱ ጋ ምስሌ እንደተንበረከክሁ ደርቆ ቀርቷል!

“አባ፣ ቶሎ ተንበርከክ!” አለች ምሕረት በሹክሹክታ። ሙዙ ጉንጬ ውስጥ እንዳለ ዘልዬ ተንበረከክሁ፤ ምስሉ ሲመጣም ወገቤን ይዤ እያቃሰትሁ ተነሣሁ።

ተመስገን፣ ፈተናውን አለፈች። መምህሩ እስከ ዛሬ ሲደውልላት፣ ከሰላምታው ቀድሞ የሚጠይቃት የእኔን ጉልበት ነው።