ፍየል የሌለበት ካኮ

ፀደይዬ፣ ነይ እዚህ ከኔ ጋር ተቀመጪ። ከፊት ያለው ወንበር ለባለ ሱፎቹ ነው። ቀሚስሽ እንዴት ያምራል፣ ከአርባ ምንጭ ነው ያስመጣሽው? ጂንካ መቼም ዘንድሮ ዝናብ ጠግባለች፤ እኔ ጫማዬን በር ላይ ጠርጌ ጠርጌ ነው የገባሁት። አዳራሹን ደግሞ እንዴት አሳምረውታል… ፊኛው፣ አበባው። ለሽኝት ሲሆን ቢሯችን እጁ አያጥርም።

እኔማ የምጠራም አልነበርኩ፣ ኮንትራቴ ከተቋረጠ ቆየ። ግን ሰው ሲያድግ እንኳን ደስ አለህ አለማለት ነውር ነው ብዬ መጣሁ። ጮክ ብዬ አወራሁ እንዴ? ከፊታችን ያሉት ጆሯቸውን ሲያቀኑ አየሁ ልበል? ግድ የለም፣ የማወራሽ ስለሌላ ሰው ነው። የዛሬው ባለ ሽኝት ሌላ፣ የኔ ሰውዬ ሌላ…

አንድ የተከበሩ አለቃ ነበሩኝ። ንጽሕናቸውን ብታዪ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አልዱባ ገበያ ይሄዳሉ፣ ሸሚዙ እንደነጣ ጂንካ ይመለሳል። ስንቱ ይችለዋል? እኛ የቀበሌ መዝጋቢዎች አቧራ ለብሰን እንውላለን። እሳቸው ከመኪና አይወርዱም፣ መስታወቱም አይወርድም።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። በረት ለበረት እየዞርን የማን ፍየል ተከተበ፣ የማን ቀረ፣ ቢሮው በሰጠን ስልክ እንመዘግባለን። ኔትወርኩ ግን ከየት ይመጣል? ስለዚህ በገበያ ቀን አልዱባ እንገናኛለን። ልጆቹ ዘፈን በብሉቱዝ እንደሚቀባበሉት፣ ምዝገባው ያለ ኢንተርኔት ከኛ ስልክ ወደ አለቃ ስልክ ይገባል፤ አለቃ ደግሞ ይዘውት ጂንካ ይመጣሉ። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ስልክ ከስልክ አጠገብ ይቀመጣል፣ አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ይጠበቃል፣ በቃ።

ዛፍ ሥር ከኛ ጋር ቁጭ ማለቱን እሳቸው አልወደዱትም። ለዚያ ማን ይወቅሳቸዋል? ስልካቸውን ከውስጥ መስታወቱ ላይ ለጠፉት፣ እኛ በየተራችን ከውጭ ለጠፍን። የኔ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋም አይላለች፣ እሳቸውም ሰልችቷቸዋል። መስመሩ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ሾፌሩን ሂድ አሉት። ደግነታቸው፣ መስታወቱን በጣት ስፋት ዝቅ አድርገው ተናገሩ። "ገብቷል፤ አሁን ከስልካችሁ አጥፉት፣ ቦታ ይይዛል" አሉ። አለቃ ገብቷል ካለ አልገባም የሚል ማን ነው? አጠፋሁት። የተማሩ ሰው ናቸው፣ እኔ የማላየው ይታያቸዋል ብዬ ነው።

ከዚያ ክትባቱ በምዝገባው መሠረት ተደለደለ። ለኔ ቀበሌ፣ ለካኮ፣ ምንም። ፍየል የሌለበት ካኮ… እስኪ አስቢው። እዚያ መንገድ ላይ መኪና የሚያስቆመን ፍየል አልነበረም እንዴ? እሳቸው በአንድ ሪፖርት አጸዱት። የፍየል ሳምባ በሽታ ግን ይሉኝታ የለውም፣ ሪፖርትም አይጠይቅም፣ ገብቶ ጠራረጋቸው። አንድ አባት፣ በረታቸው ባዶ የቀረ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። አልተቆጡኝም። "ፍየሎቼን ስልክሽ ውስጥ አስገብተሻል። እዚያ አሉ ወይ?" አሉኝ። ስልኩን ከጀርባዬ ደበቅሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፣ ፀደይ።

አለቃዬ ግን አልረሱኝም። በስብሰባ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ስሜን አነሱልኝ። ስንቷ ሠራተኛ ናት ስሟ የሚነሳላት? "የሺሀረግ ከካኮ ምንም አላስገባችም" አሉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። እንዴት ያለ የረጋ ሰው ናቸው። ማስረጃ አምጪ ብባል ከየት አመጣለሁ፣ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ኮንትራቴ በዚያው ቀረ። ካኮ ስሄድ ያቺ ፍየሎቻችንን ያስፈጀች ይሉኛል፤ ከሥራው ይልቅ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እሳቸውም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ወደ ክልል አደጉ። በቴክኖሎጂ አጠቃቀማቸው ነው አሉ። መቼም ይገባቸዋል…

አንጁሎን ታውቂዋለሽ አይደል? የወይጦው መዝጋቢ፣ ያ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዞ የሚስቀው። የሱን ምዝገባ አለቃ ወይጦ ሲያልፉ ወስደውለት ነበር፤ ያን ቀን አልዱባ የመጣው ማሽላ ሊገዛ ነው። የአለቃ መኪና እስኪመጣ፣ እስኪ ይሠራ እንደሆን እንሞክረው ብለን የኔንና የሱን ስልክ አጠጋጋን። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን፣ ወሬ እያወራን፣ መስመሩ ሞላ፤ የኔ ምዝገባ እሱ ስልክ ገባ። ከዚያ እሱ ወደ ማሽላው ሄደ፣ እኔ ወደ መስታወቱ። አለቃ አጥፉት ሲሉ እሱ አልነበረም። ምዝገባው አልቆ ስለነበር የቢሮውን ስልክ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ሁለታችንም ረሳነው።

ትናንት ስልኩን ሊመልስ ጂንካ መጣና ከፈተው። ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ማንንም ሳያስፈቅድ ያለውን ሁሉ ወደ ክልል ላከ። ካኮ ከነፍየሎቿ፣ ከነባለቤቶቹ ስም፣ ከነቀኑ፣ ከነመዝጋቢዋ። ዛሬ ጠዋት ከክልል ደውለው፣ ይሄ ሁሉ ፍየል እስካሁን የት ነበር ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? አዲሱ ኃላፊ ሰኞ እናንተው ጋ ይገባሉ፣ እሳቸውን ጠይቋቸው አልኩ። ሰው ማማት አልወድም።

ተነሺ ተነሺ፣ ተሰናባቹ ወደኛ እየመጡ ነው። ፊታቸው ምነው ገረጣ፣ ሙቀቱ ይሆን? … እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። እኛማ እዚህ ስለ ፍየል ስናወራ ነበር። ክልል ሲገቡ እንግድነት አይሰማዎት፣ ስምዎ ቀድሞ ደርሶ እየጠበቀዎት ነው። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎት። ካኮ ላይ የሠሩትን ሁሉ እግዜር አንድም ሳያጎድል ይክፈልዎት።